ሥዕል የሚሥለው መኪናና መምህሩ

ለዚህ የኢዮቤልዩ መታሰቢያ መጽሔት ሽፋን የሚሆነውን ሥዕል ለመምረጥ በተሰበሰብን ጊዜ ሁለት ሥዕሎች በፊታችን ቀረቡ። አንዱን የክፍል ጓደኛችን ሦስት ሳምንት ሙሉ በቀለም እርሳስ ሲደክምበት የቆየ ሲሆን፥ ሁለተኛው ግን ሌላ ተማሪ በስልኩ ላይ ጥቂት ቃላት ጽፎ ሰው ሠራሽ አስተውሎት በተባለው ጥበብ በአንድ ደቂቃ ያወጣው ነበር። ሁለተኛው እንደሚያምር ማንም አልካደም። ክርክሩ እስኪመሽ ድረስ ቆየ፤ ስለዚህ የታሪክ ክፍል ተማሪዎች ነገሩ ከየት እንደ ተነሣ መርምረን እንድንጽፍ ታዘዝን። ዓመተ ምሕረቱን በአውሮፓውያን አቈጣጠር መጻፋችንን አንባቢ ይወቅልን።

ሰው የእጁን ሥራ መኪና ይወስድብኛል ብሎ ሲሠጋ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። በ1839 ዓ.ም. የፈረንሳዊው የዳጌር የፎቶግራፍ ጥበብ በፓሪስ ለሕዝብ ከተገለጠ በኋላ፥ የሰውን መልክ በትንሹ እየሣሉ ይኖሩ ከነበሩት ሠዓሊዎች ብዙዎቹ እንጀራቸውን አጡ። ባለቅኔው ቦድሌርም በ1859 ዓ.ም. ፎቶግራፍን አጥብቆ ነቀፈ። ነገር ግን በ1874 ዓ.ም. እነሞኔ አዲሱን አሣሣላቸውን በአንድነት ለሕዝብ ያሳዩት ናዳር የተባለ ፎቶግራፍ አንሺ ቀድሞ ይሠራበት በነበረው ቤት ነው። ይህን ስናነብ ሳቅን።

ፎቶግራፍ ግን በፊቱ የቆመውን ያነሣል እንጂ ከባዶ ወረቀት ተነሥቶ አይሥልም። መኪናን ይህን ለማስተማር ከተነሡት ከቀደሙት ሰዎች አንዱ ሃሮልድ ኮኸን ነው። በ1928 ዓ.ም. በእንግሊዝ አገር ተወለደ። በ1966 ዓ.ም. በቬኒስ በተደረገው ታላቅ የሥዕል ትርኢት አገሩን ወክለው ከቀረቡት ሠዓሊዎች አንዱ ነበርና ስም ያጣ ሰው አልነበረም። በ1968 ዓ.ም. በሳን ዲዬጎ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ከሄደ በኋላ ግን፥ በአርባ ዓመቱ ግድም እንደ ጀማሪ ተማሪ ተቀምጦ ለኮምፒዩተር ትእዛዝ መጻፍን ተማረ። ፕሮግራሙንም አሮን ብሎ ሰየመው።

አሮን የማንንም ሥዕል አይቶ አልተማረም። ኮኸን ሠዓሊ በልቡ የሚያውቀውን ነገር አንድ በአንድ እየለየ ደንብ አድርጎ ጻፈለት፤ የተዘጋ መስመር ምን እንደ ሆነ፥ ውስጥና ውጭ እንዴት እንደሚለይ፥ በኋላም የሰው ክንድ ከትከሻ ጋራ እንዴት እንደሚገጠም። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት መስመሩን የምትሥለው ኤሊ የተባለች በወረቀት ላይ የምትንቀሳቀስ ትንሽ ባለመንኰራኵር መኪና ነበረች። መስመሩ የአሮን፥ ቀለሙ የኮኸን ነበር።

ከዚያ ቀለሙንም ሊያስተምረው ተነሣ። ይህ ብዙ ዓመት ፈጀ፤ አሮን ዓይን የለውምና ሳያይ ቀለም ከቀለም ማስማማት ነበረበት። በ1995 ዓ.ም. በቦስቶን በኮምፒዩተር ሙዚየም መኪናው ራሱ ሲቀባ ሕዝብ ተመለከተ። ለእኛ ከታሪኩ ሁሉ የሚደንቀን ግን ቀጥሎ የሆነው ነው፤ ኮኸን በስተርጅናው ቀለሙን ከአሮን መልሶ ወሰደ። መኪናው አቅቶት አይደለም። በ2016 ዓ.ም. ሲሞት ሰማንያ ሰባት ዓመቱ ነበር።

ዛሬ በስልካችን ያሉት ሠዓሊ መኪናዎች የአሮን ልጆች አይደሉም። ደንብ አይጻፍላቸውም፤ ሰዎች ከሠሩት ሥዕል ይማራሉ። በ2018 ዓ.ም. በኒው ዮርክ በክሪስቲ ሐራጅ ቤት በ432,500 ዶላር የተሸጠው የሰው መልክ (ሰውየው በዓለም ላይ ኖሮ አያውቅም) 15,000 ያህል የጥንት ሥዕሎች ከተሰጡት ኮምፒዩተር የወጣ ነው። በ2022 ዓ.ም. የወጣው ስቴብል ዲፊዩዥን ደግሞ የሠለጠነው ከኢንተርኔት ከተለቀሙ እጅግ ብዙ ሥዕሎችና ፎቶግራፎች ነው፤ ባለቤቶቹን ፈቃድ የጠየቀ የለም። ስለዚህ በ2023 ዓ.ም. መጀመሪያ በአሜሪካ ሦስት ሠዓሊዎች ክስ አቀረቡ። እኛም መኪና ይሥላል ወይስ አይሥልም ብለን መከራከራችንን ትተን፥ ከማን ተማረ ብለን መጠየቅ ጀመርን።

በስልክ የወጣው ሥዕል የትምህርት ቤት ሥዕል ነው፤ የእኛ ትምህርት ቤት ግን አይደለም። ጓደኛችን በበኩሉ የአዳራሹን ደረጃ አራት አድርጎ ሥሎት ነበር። አምስት ነው ብንለው ክርክሩን ጥሎ ወጣ፥ ቈጠረ፥ ተመልሶም ላጲስ ለመነን። ሽፋኑ ያ ነው።