በአምኸርስት የሚገኙት የሆረስ ማን ቦንድ ሰነዶች

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት፣ በዱ ቦይስ ስም በሚጠራው ባለ ብዙ ፎቅ ቤተ መጻሕፍት ውስጥ 169 ሳጥኖች ተቀምጠዋል። ጎን ለጎን ቢደረደሩ 26 ሜትር ገደማ ይሆናሉ። በውስጣቸው ከ1830 እስከ 1979 ያሉ ወረቀቶች አሉ (በዚህ መጣጥፍ የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ባለቤታቸው የነበሩት በፔንሲልቬንያ የሚገኘው የሊንከን ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያው ጥቁር ፕሬዚዳንት፣ ዶክተር ሆረስ ማን ቦንድ ናቸው።

የአንድ ዩኒቨርሲቲ መሪ የግል መዛግብት ሲባል ተመራማሪው በቅድሚያ የሚጠብቀው የቦርድ ቃለ ጉባኤ፣ የበጀት ክርክርና የምረቃ ንግግር ነው። እንዲህ ያለው ወረቀት ግን በዩኒቨርሲቲው መዝገብ ቤትም ይገኛል። የቦንድን ሰነዶች ውድ የሚያደርጋቸው ሌላ ነገር ነው። የፕሬዚዳንትነት ወንበር ጊዜ የነሳው ምሁር የጀመረውንና ሳያሳትም የተወውን ሥራ ጠብቀው አቆይተዋል። የቦንድን ታሪክ ከአስተዳደር መዝገብ ብቻ የሚጽፍ ሰው የሰውየውን ግማሽ ትቶ ይጽፋል።

ቦንድ በ1904 በቴነሲ ግዛት ናሽቪል ከተማ ተወለዱ። ስማቸው የተወሰደው ለሕዝብ ትምህርት ከታገለው ከአሜሪካዊው ሆረስ ማን ነው። አባታቸው የተማሩ ቄስ ነበሩ። ቦንድ በ18 ዓመታቸው ከሊንከን ተመረቁ፤ በ1936 ደግሞ ከቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀበሉ። በአላባማ የጥቁሮች ትምህርት ላይ ያደረጉት ጥናት በ1939 በመጽሐፍ ሲወጣ ንዑስ ርእሱ ጥጥንና ብረትን የሚጠቅስ ነበር። የትምህርት ቤቶችን ዕጣ ፈንታ ከመልካም ፈቃድ ይልቅ በባቡር፣ በከሰልና በብረት ባለሀብቶች ጥቅም የሚያብራራ ደፋር ሥራ ነው።

ድፍረታቸው የጀመረው ግን ከዚያ በፊት ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት የአሜሪካ ጦር ለወታደሮቹ የአእምሮ ብቃት ፈተና ሰጥቶ ነበር፤ ከጦርነቱ በኋላ አንዳንድ ሊቃውንት ውጤቱን ጥቁሮች በተፈጥሯቸው ያንሳሉ ለማለት ተጠቀሙበት። ቦንድ ገና በ19 ዓመታቸው፣ በ1924 «ክራይሲስ» በተባለው መጽሔት ላይ ይህንን ሞገቱ። በክርክራቸው የያዙት መሣሪያ የጦሩ የራሱ አኃዝ ነበር። እንደ ኢሊኖይና ኒውዮርክ ካሉ የሰሜን ግዛቶች የመጡ ጥቁሮች እንደ ሚሲሲፒና አርካንሳ ካሉ የደቡብ ግዛቶች ከመጡ ነጮች የተሻለ ውጤት አስመዝግበዋል። ልዩነቱን ያመጣው ትምህርት ቤቱ እንጂ ደሙ አልነበረም።

ከሳጥኖቹ ሁሉ ልብ የሚነካው የሉዊዚያናው ማስታወሻ ነው። በ1934 መገባደጃ ቦንድና ባለቤታቸው ጁሊያ በሮዘንዋልድ ፈንድ ድጋፍ በዋሽንግተን ፓሪሽ፣ ስታር ክሪክ በሚባል የገጠር ቀበሌ ጎጆ ውስጥ ገቡ። ሥራቸው የጥቁሮችን የገጠር ትምህርት ቤቶች ማጥናት ነበር፤ ነገር ግን የቤተሰብ ሐረግን፣ የመሬት ይዞታን፣ የጎረቤት ወሬን ሁሉ ይመዘግቡ ነበር። ከመድረሳቸው ጥቂት ቀደም ብሎ ዊልሰን በተባለ የጥቁር ባለ ርስት ቤተሰብ ጓሮ ውስጥ አንድ ጠብ ተነሥቷል። መንሥኤው በቅሎ ነው። መንግሥት ከብቶች መዥገር እንዳይዛቸው በመድኃኒት ገንዳ ውስጥ እንዲነከሩ ያዝዝ ነበርና ተቆጣጣሪው አንዲት ያልተነከረች በቅሎ አገኘ፤ ቤተሰቡ ተከራከረው፤ እሱም ሸሪፎች ይዞ ተመለሰ። ተኩስ ተከፈተ፣ አንድ ምክትል ሸሪፍ ሞተ።

የቤተሰቡ ልጅ ጄሮም ዊልሰን የሞት ፍርድ ተፈረደበት። በጥር 1935 የግዛቲቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፍርዱን ሽሮ ጉዳዩ እንደገና እንዲታይ አዘዘ። ከቀናት በኋላ የታጠቁ ነጮች ፍራንክሊንተን ወደሚገኘው እስር ቤት ገብተው ገደሉት። ቦንድ የዚህን ቤተሰብ ታሪክ «አርባ ኤከርና አንድ በቅሎ» በሚል ርእስ ጻፉ። ርእሱ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ማብቂያ ላይ ነጻ ለወጡ ባሮች ተገብቶ የታጠፈውን ቃል ያስታውሳል፤ ከዊልሰኖች ደጃፍ ላይ ግን በቅሎዋ በእውን ቆማ ነበር። ጽሑፉ በቦንድ ዕድሜ መጽሐፍ ሆኖ አልወጣም። ወረቀቱ በአቃፊ ውስጥ ቆይቶ፣ ታሪክ ጸሐፊው አዳም ፌርክላው ከማስታወሻው ጋር አሰናድተውት በ1997 ታተመ። ቦንድ ከሞቱ 25 ዓመት ሆኗቸው ነበር። ያ ወረቀት ከቢሮ ቢሮ ሲዛወሩ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ስለ ጄሮም ዊልሰን የሚቀርልን በዋናነት የፍርድ ቤት መዝገብና የዘመኑ ጋዜጣ በሆነ ነበር።

ከዚያ በኋላ አስተዳደሩ ጊዜያቸውን ወሰደው። በ1939 በጆርጂያ የፎርት ቫሊ ስቴት ኮሌጅ ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በ1945 ወደ ሊንከን ተመለሱ። ይህን ዘመን ለሚያጠና ሰው የጽሕፈት መኪና ባለውለታው ነው። በዚያን ጊዜ የቢሮ ደብዳቤ ከሥሩ ካርቦን ተደርጎ ይመታል፤ ዋናው ለተቀባዩ ሲሄድ ግልባጩ ይቀራል። ስለዚህ እንዲህ ባለ ስብስብ ውስጥ አንባቢው የመጣውን ደብዳቤ ብቻ ሳይሆን መልሱንም ያገኛል። በእጅ የሚጻፍ የግል ደብዳቤ ይህን ዕድል ብዙ ጊዜ አይሰጥም።

የሊንከን ዘመን ሁለት ትልልቅ ጉዳዮችን ይዟል። አንዱ አፍሪካ ነው። ናይጄሪያዊው የነጻነት መሪ ንናምዲ አዚኪዌና ጋናዊው አቻቸው ክዋሜ ንክሩማ ሁለቱም ሊንከን የተማሩ ናቸው፤ ቦንድ ከ1949 ጀምሮ ወደ ምዕራብ አፍሪካ እየተመላለሱ ይህንን ዝምድና አጠናከሩት። በ1951 ዩኒቨርሲቲው ለንክሩማ የክብር ዶክትሬት ሲሰጥ ጋና ገና ጎልድ ኮስት ትባል ነበር።

ሁለተኛው አልበርት ባርንስ ናቸው። በመድኃኒት ሀብት ያፈሩት እኚህ ግልፍተኛ ሰው የ181 ሬኗርና የ69 ሴዛን ሥዕሎች ባለቤት ነበሩ፤ ከፊላዴልፊያ ሙዚየሞችና ሊቃውንት ጋርም ተጣልተው ኖረዋል። ቦንድ ወዳጅነታቸውን በትዕግሥት ኮተኮቱት። በ1950 ባርንስ የፋውንዴሽናቸውን መተዳደሪያ አሻሽለው ከአምስቱ የቦርድ አባላት አራቱን የመሰየም መብት ለሊንከን ሰጡ፤ በዓመቱ በመኪና አደጋ ሞቱ። አንድ ትንሽ የጥቁሮች ዩኒቨርሲቲ በብዙ ቢሊዮን ዶላር በሚገመት የሥዕል ሀብት ላይ ሥልጣን ያገኘው በዚህ መንገድ ነው። በ2004 ፍርድ ቤት ቦርዱ እንዲሰፋና ስብስቡ እንዲዛወር ሲፈቅድ የሊንከን ድምፅ ተዳከመ፤ ሥዕሎቹም ከ2012 ጀምሮ በፊላዴልፊያ መሀል ከተማ ይታያሉ።

በዚሁ መሀል የምሁሩ ሥራ ጨርሶ አልተቋረጠም። በ1953 በትምህርት ቤቶች የዘር መለያየትን ለማስቀረት የሚሟገቱት የጥቁሮች መብት ድርጅት የኤን.ኤ.ኤ.ሲ.ፒ. ጠበቆች የአሥራ አራተኛውን የሕገ መንግሥት ማሻሻያ ታሪክ እንዲያጠኑ ሲታዘዙ ቦንድ በምርምር ረድተዋቸዋል። «ብራውን» በሚል ስም በሚታወቀው በዚሁ ጉዳይ ላይ ፍርዱ የተሰጠው በ1954 ነው።

በ1957 ከመምህራንና ከቦርዱ ጋር በተፈጠረ አለመግባባት ሊንከንን ለቀቁ። ከካምፓስ መራቃቸውና ጉዟቸው መብዛቱ ከወቀሳዎቹ አንዱ ነበር። ከዚያ በአትላንታ ዩኒቨርሲቲ የትምህርት ፋኩልቲ ዲን ሆነው ሠሩ፤ በ1972 ዐረፉ። የሊንከንን ታሪክ የጻፉበት ትልቅ መጽሐፍ የታተመው በ1976 ነው፤ እሱንም አላዩትም።

እንደ ፕሬዚዳንት ሲመዘኑ ቦንድ ተሟጋች ያጡ ሰው አይደሉም፤ ወቃሽም አላጡም። የወረቀቶቹ ምስክርነት ግን ከሁለቱም ይሰፋል። ስለ አፍሪካ የነጻነት ትውልድ የአሜሪካ የትምህርት ዘመን፣ ስለ አሜሪካ የደቡብ ግዛቶች የገጠር ትምህርት ቤት ወይም ስለ አእምሮ ፈተና ታሪክ የሚጽፍ ተመራማሪ እነዚህን ሳጥኖች ሳይከፍት ሥራዬን ጨረስኩ ሊል አይገባም። አምኸርስት ድረስ መሄድ ግዴታው አይደለም፤ ቤተ መጻሕፍቱ ሰነዶቹን በዲጂታል አዘጋጅቶ በነጻ ለንባብ አቅርቧቸዋል።