የካርቱም ፉልና በውስጡ ያለው ድኝ፦ ጥራጥሬ ለምን ከእህል ጋር ይበላል?

ፉል የካርቱም ነዋሪ የዘወትር ምግብ ነው። ባቄላው በትልቅ ድስት ለረጅም ሰዓት ይንተከተካል፤ ከዚያም ይደፈጠጥና የሰሊጥ ዘይት፣ ሽንኩርትና ቅመም ይጨመርበታል። አቅም ሲፈቅድ ጂብና የተባለው ነጭ አይብ ወይም እንቁላል ይታከልበታል። እአአ በሚያዝያ 2023 ጦርነት ከተቀሰቀሰ በኋላ ግን በርካታ የከተማዋ ቤተሰቦች ተካያ በሚባሉት የበጎ ፈቃደኞች የጋራ ማዕድ ቤቶች ላይ ጥገኛ ሆነዋል፤ በእነዚህም ዘንድ ፉልና ምስር በብዛት ይቀርባሉ። ገበታው በጥራጥሬ ብቻ ሲወሰን ሰውነት ምን ይጎድለዋል? ከመልሶቹ አንዱ ድኝ ነው።

ድኝ ለሰውነት ምን ይሠራል?

ሰውነት ድኝን በዋናነት የሚያገኘው ፕሮቲንን ከሚገነቡት አሚኖ አሲዶች መካከል ከሁለቱ፣ ከሜቲዮኒንና ከሲስቴይን ነው። ሜቲዮኒንን ራሱ መሥራት ስለማይችል ከምግብ ማግኘት ግድ ይለዋል፤ ሲስቴይንን ግን ከሜቲዮኒን ማዘጋጀት ይችላል። ከሲስቴይንና ከሌሎች ሁለት አሚኖ አሲዶች የሚሠራው ግሉታቲዮን ሕዋሳትን ከጉዳት ይከላከላል፤ ጉበትም መርዛማ ነገሮችን እንዲያስወግድ ያግዛል።

በፉል ውስጥ ምን ያህል አለ?

100 ግራም ደረቅ ባቄላ 26 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። ከዚህ ውስጥ ድኝ ያላቸው ሁለቱ አሚኖ አሲዶች ተደምረው ከግማሽ ግራም ብዙም አይበልጡም። የዓለም ጤና ድርጅትና አጋሮቹ እአአ በ2007 ባወጡት መመዘኛ መሠረት 60 ኪሎ የሚመዝን አዋቂ ከሁለቱ በቀን 900 ሚሊግራም ያስፈልገዋል።

ጉድለቱን የሚሞላው እህል ነው። የማሽላና የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው አሚኖ አሲድ ቢያንሰውም በሜቲዮኒን ከባቄላ ይሻላል፤ ባቄላ በበኩሉ ላይሲን የበለጸገ ነው። ስለዚህ ፉል ከማሽላ ኪስራ ወይም ከዳቦ ጋር ሲበላ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሸፍናል። እንቁላልና አይብም ሜቲዮኒን ይጨምራሉ። የሰሊጥ ዘይት ኃይል ሰጪ ስብ እንጂ ፕሮቲን የለውም፤ የሰሊጥ ሜቲዮኒን የሚገኘው በፍሬውና ከተፈጨው ሰሊጥ በሚዘጋጀው ጣሂና ውስጥ ነው።

ከጓያ የተገኘ ትምህርት

የዚህ ጉድለት አደጋ ምን ያህል ሊከብድ እንደሚችል የኢትዮጵያ ገበሬዎች ከጓያ ተምረዋል። ጓያ ድርቅን ስለሚቋቋም በረሃብ ዘመን ብቸኛ መብል እስከመሆን ይደርሳል። ይሁንና ነርቭን የሚጎዳ ንጥረ ነገር አለው፤ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግርን ለዘለቄታው ሽባ ያደርጋል። ፕሮቲኑም እንደ ባቄላ በሜቲዮኒን ድኻ ነው። በኢትዮጵያ በተከሰተ ወረርሽኝ ወቅት የተካሄደና እአአ በ2003 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ጓያን ድኝ ያላቸው አሚኖ አሲዶች ከበዙበት እህል ጋር ቀላቅለው የተመገቡ ሰዎች ለሽባነት የመጋለጥ ዕድላቸው ዝቅ ያለ መሆኑን አሳይቷል።

ባቄላ የማይስማማቸው እነማን ናቸው?

ባቄላ እንደ ጓያ ሽባ አያደርግም። ሆኖም ግሉታቲዮን ሥራውን እንዲቀጥል የሚረዳው ጂ6ፒዲ የተባለ ኢንዛይም በተፈጥሮ የሚያንሳቸው ሰዎች አሉ። ይህ በዘር የሚወረስ እጥረት ወባ ለዘመናት በቆየባቸው አካባቢዎች ይበዛል፤ በይበልጥም የሚያጠቃው ወንዶችን ነው። በባቄላ ውስጥ ያሉት ቪሲንና ኮንቪሲን የእነዚህን ሰዎች ቀይ የደም ሕዋሳት ሊያፈርሱ ይችላሉ። ፉል ከበላ በኋላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ፣ ሽንቱ የጠቆረ ወይም የገረጣ ሕፃን ሳይዘገይ ወደ ሕክምና መወሰድ ይኖርበታል።

ለሌላው ተመጋቢ ግን ፉል ርካሽና ጠቃሚ የፕሮቲን ምንጭ ነው። ለጋራ ማዕድ ቤቶች እርዳታ የሚያቀርቡ ወገኖችም ከባቄላው ጆንያ ጎን የማሽላ ወይም የስንዴ ዱቄት ቢጨምሩ፣ ሲገኝም እንቁላልና ጣሂና ቢያክሉ፣ ያው አንድ ጭልፋ ፉል ለተመጋቢው የበለጠ ይጠቅማል።