«ኮሶ ነው ልጄ»

ኢንተርን ሳለን ነው። አንዲት እናት እያስመለሳቸው መጡ። «ምን ሆነው ነው እማማ?» ስላቸው «ኮሶ ነው ልጄ» አሉኝ። እኔም ትሉ መስሎኝ የትል መድኃኒት አዘዝኩ። «ይዞዎት ነው ወይስ ጠጥተው?» ብላ የጠየቀቻቸው ነርሷ ናት። ለካ ጠጥተው ኖሯል! ማዘዣውን በእፍረት ቀደድኩት።

በአማርኛ ኮሶ ዛፉም፣ መድኃኒቱም፣ ትሉም ነው። ጥሬ ሥጋ የሚወድ አገር በሽታውንና ፈውሱን በአንድ ስም ጠራ። ፈረንጆቹ ግን ዛፉን በየሰዉ ስም ሲጠሩት ኖሩ። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ በ1790 እ.ኤ.አ. ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ፣ በዕፅዋት ሊቁ በጆሴፍ ባንክስ ስም «ባንክሲያ» አለው። ያ ስም ግን ቀድሞ ለአውስትራሊያ ዕፅዋት ተሰጥቶ ነበር። ኋላም ቁስጥንጥንያ ይኖር በነበረው ፈረንሳዊ ሐኪም በብራዬር ስም «ብራዬራ» ተባለ። በመጨረሻ የጸናው ስም «ሀጌኒያ አቢሲኒካ» ሆነ፤ ሀገን የኮኒግስበርግ የመድኃኒት ቀማሚና ሊቅ ነበር።

ሦስቱም ዛፉን ለፈውስ ሲጠጣ የኖረው ሕዝብ የሚያውቃቸው ሰዎች አይደሉም። ሕመምተኛችን ዛሬም የሚለው «ኮሶ» ነው። ከመጠን ያለፈ ኮሶ ደግሞ ዓይን እስከ ማጥፋት ይደርሳል። ስለዚህ ተማሪዎቼን አደራ የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ ካርዱ ላይ «ኮሶ» ብላችሁ ከመጻፋችሁ በፊት፣ የነርሷን ጥያቄ ጠይቁ።