የገናው ዱላ በማን እጅ ነበር?

እንግዲህ ስሙኝማ! ነገሩ የሚጀምረው ከአገራችን ርቆ፣ ባሕር ማዶ፣ ኒውዮርክ ነው። ሚያዝያ 10 ቀን 1915 ዓ.ም. ያንኪ ስታዲየም የሚሉት አዲስ የቤዝቦል ሜዳ ተከፍቶ ሕዝቡ ግጥም ብሏል። ቤብ ሩት የተባለው ግዙፍ ሰው ዱላውን አነሣ፤ ኳሷ ተወረወረችለት፤ መታት! አጥሩን ተሻግራ ተመልካቹ መሀል ወደቀች። በዚያ ሜዳ የመጀመሪያው ሆም ረን ይህ ነበር።

ዱላውስ የት ደረሰ? ሩት ፈረመበትና፣ አንድ የሎስ አንጀለስ ጋዜጣ ባዘጋጀው የተማሪዎች ውድድር አንደኛ ለወጣው ልጅ ተሸለመ። ልጁ አድጎ፣ አርጅቶ፣ እስኪሞት ድረስ አልተለየውም፤ ሲሞትም ላስታመመችው ሴት ተወላት። ኅዳር 23 ቀን 1997 ዓ.ም. ሶዝቢስ የተባለው ጨረታ ቤት አወጣውና በ1 ሚሊዮን 265 ሺህ ዶላር ተሸጠ!

እንዲህ ያለ ዱላ የሚሰበስቡ ሰዎች በወሬ አይገዙም። ኳሷ ያሳረፈችውን ጠባሳ ይፈልጋሉ፤ እጀታው ላይ የቀረውን የጥድ ሙጫ ያያሉ፤ ፋብሪካው ለማን እንደላከው መዝገብ ያገላብጣሉ፤ የእንጨቱን መስመር ከጥንት ፎቶግራፍ ጋር ያስተያያሉ። ዋጋው ያለው እዚያ ምስክርነት ላይ ነው።

አሁን ወደ አገራችን እንመለስ። ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስትሄዱ ማንኩሳን ታገኛላችሁ፤ ሐዲስ ዓለማየሁ በ1958 ዓ.ም. ባሳተሙት «ፍቅር እስከ መቃብር» ስሙን አገር ያወቀው ማንኩሳ። የእኛም ታላቅ ምት በዱላ ነው፤ ጨዋታው ገና፣ ቀኑም ታኅሣሥ 29። ጫፉ ቆልመም ያለ ቅርንጫፍ በገና ዋዜማ ተፈልጎ አይገኝምና ጎበዝ እረኛ ቀድሞ ዓይኑን ይጥልበታል። ኳሷ ሩር ትባላለች፤ ከእንጨት ተጠርባ ወይም ከጠፍር ተጎንጉና ትሠራለች። ላይ ሰፈርና ታች ሰፈር ይገጥማሉ፤ ሜዳው ወሰን የለውም፤ ሩሯ ወደሄደችበት ሁሉ ነው። ጌታው ከሎሌው ጋር እኩል ይጋፋል፤ ቢገፉት መቆጣት ነውር ነው።

የዚያን ቀን ጀግና ዝናው ለወራት ይወራል። ዱላው ግን ወይ ምድጃ ገብቷል፣ ወይ የልጅ ልጁ ከብት ሲነዳበት ተሰብሯል። ይህ ያንገበግበኛል! መቺ አጥተን አይደለም፤ የመታበትን የሚያስቀምጥ ነው ያጣነው። ይሸጥ ማለቴም አይደለም። ያ ዱላ እዚያው በተመታበት ወረዳ፣ ልጆች በሚያዩት ግድግዳ ላይ፣ ከባለቤቱ ስም ጋር ይሰቀል ነው የምለው።

ስለዚህ ማንኩሳም ሁኑ ጅጋ፣ ቡሬም ሁኑ ደንበጫ፣ ጣራ ሥር የተሰካ የአያት የገና ዱላ ካላችሁ አውርዱት። አትላጉት፣ ቀለምም አትቀቡት፤ ጠባሳው ይፈለጋል። ከዚያ ሽማግሌዎቹን ጠይቁ፤ እንጨቱ ምንድን ነው? ከየትኛው ዱር ተቆረጠ? በስንት ዓመተ ምሕረት፣ ለየትኛው ሰፈር ተጫወቱበት? ማን አየ? ጻፉና እጀታው ላይ በገመድ እሰሩት። ከተሸነፈው ሰፈር አንድ ምስክር ብታገኙ የእሱን ቃል አስቀድሙ።