ተራ የገባው እንግድነት፦ ጽዋ ማኅበርና የክርስቲያኖች የጋራ ማዕድ

ወር በገባ በ12ኛው ቀን፣ ቄጠማ በተጎዘጎዘበት ቤት ውስጥ አንድ ጽዋ በንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ከፍ ካለ ቦታ ላይ ይቀመጣል። ድፎ ዳቦው ተጋግሯል፤ ጠላው ቀደም ብሎ ተጠንስሶ ደርሷል። የሚገቡት ሰዎች ጽዋውን ተሳልመው ቦታ ቦታቸውን ይይዛሉ። ካህኑ ጸሎት ያደርሳል፣ ከድርሳነ ሚካኤል ያነባል፣ ዳቦውን ባርኮ ይቆርሳል። የቤቱ ባለቤት ጎንበስ ቀና እያለ ያስተናግዳል። ከዚያ ቤት የወጣ ሰው ግን «የእገሌን ግብዣ በላሁ» አይልም፤ «የሚካኤልን ጸበል ጸዲቅ ቀመስኩ» ይላል።

ይህች ትንሽ የአነጋገር ልዩነት ትልቅ ነገር ተሸክማለች። በጽዋ ማኅበር ውስጥ የሚበላው የባለቤቱ፣ የሚታሰበው ቅዱሱ ነው። አስተናጋጁ ራሱን ከመታሰቢያው ጀርባ ያደርጋል። በሚቀጥለው ወር ደግሞ ሌላው ያስተናግዳል፤ የዛሬው አስተናጋጅ ቁጭ ብሎ ይበላል። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ለዚህ ነው፦ የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ምእመናን በጽዋ ማኅበር አማካይነት እንግዳ መቀበልን ከባለጠጋ ቸርነት አውጥተው የሁሉም ተራ አድርገውታል፤ የማኅበሩም ጥንካሬ ያለው ከማዕዱ ስፋት ይልቅ በዚህ ተራ ላይ ነው።

የጋራ ማዕድ ባለጠጋውንና ድኃውን እንዴት ያገናኛል የሚለው ጥያቄ የቆየ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ ክርስቲያኖች በጻፈው የመጀመሪያ መልእክት ምዕራፍ 11 ላይ የሚገሥጸው በማዕድ ዙሪያ የተፈጠረን መለያየት ነው። ያላቸው ቀድመው በልተው ይጠግባሉ፤ የሌላቸው ተርበው ይቀራሉ። አንድ እንጀራ ሊያገናኛቸው የመጡ ሰዎችን ያው እንጀራ ባለጠጋና ድኃ ብሎ ይለያያቸው ነበር። አጋፔ የሚባለው የፍቅር ማዕድ ከቅዱስ ቁርባን እየተለየ የሄደውም በዚህ ዓይነት ችግር መካከል ነው። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሰበሰበው የሎዶቅያ ጉባኤ በ28ኛው ቀኖናው አጋፔ በቤተ ክርስቲያን ውስጥ እንዳይደረግ ከልክሏል።

ሌላው ችግር መንገደኛው ነበር። ዲዳኬ የተባለው ጥንታዊ የሥርዓት መጽሐፍ ለሚመጣ እንግዳ ሁሉ በር እንዲከፈት ያዝዛል፤ ነገር ግን ተጓዥ ሐዋርያ ከአንድ ቀን፣ ካስፈለገም ከሁለት ቀን በላይ እንዳይቆይ፣ ሦስተኛ ቀን ከቆየ ሐሰተኛ እንደሆነ ይናገራል። ሊቀመጥ የሚፈልግ ሰው ሙያ ካለው ሠርቶ ይብላ ይላል። የዚህ መጽሐፍ ሙሉ የግሪክኛ ቅጂ በቁስጥንጥንያ የተገኘው በ1873 እ.ኤ.አ. ነው። ይሁንና እንግዳን ስለ መቀበል የሚናገረው ክፍል ከዚያ አስቀድሞ ወደ ግእዝ ተመልሶ በሲኖዶስ ውስጥ ይነበብ ነበር። በ3ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሶርያ እንደተጻፈ የሚታመነው ዲድስቅልያ ደግሞ አንድ እርምጃ አልፎ ይሄዳል፦ ድኃ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ወደ ጉባኤው ገብተው ቦታ ቢያጡ፣ ኤጲስ ቆጶሱ ራሱ መሬት ላይ ተቀምጦም ቢሆን ቦታ እንዲያገኙ ያድርግ ይላል። እነዚህ ጽሑፎች እንግዳ መቀበልን ለግለሰብ በጎ ፈቃድ አልተዉትም። ሥርዓት አበጅተውለታል።

የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ይህንን ሥርዓት የተረከበችው ከሕግ ጋር ታሪክም ጨምራ ነው። ሐምሌ 7 ቀን የሚከበረው የቅድስት ሥላሴ በዓል መነሻው የዘፍጥረት ምዕራፍ 18 ነው፤ አብርሃም በመምሬ ዛፍ ሥር ሦስት እንግዶችን ተቀብሎ ያስተናገደበት ታሪክ። በሊቃውንቱ ትረካ አብርሃም ያለ እንግዳ እህል አይቀምስም ነበር። ሰይጣንም በዚህ ቀንቶ ራሱን የተፈነከተ አስመስሎ መንገድ ዳር ይቀመጥና «አብርሃም ድሮ ደግ ነበረ፤ ዛሬ ግን የሚመጣበትን ይደበድባል» እያለ መንገደኛውን ይመልሳል። አብርሃም ሦስት ቀን ሙሉ እንግዳ አጥቶ ጾሙን ዋለ፤ ከዚያ በኋላ ሥላሴ መጡ። ታሪኩን በልጅነቱ የሰማ ሰው እንግዳ ማጣት ራሱ መከራ ሊሆን እንደሚችል ይማራል።

ሁለተኛው ታሪክ የበላዔ ሰብእ ነው። በተአምረ ማርያም እንደሚተረከው ይህ የቅምር ሰው ቤተሰቡን ጨምሮ 78 ሰው የበላ ነው። አንድ ቀን በቁስል የተመታ ድኃ ውኃ ሲለምነው በእመቤታችን ስም ጥርኝ ውኃ ሰጠው። በፍርድ ቀን ያች ጥርኝ ውኃ ከኃጢአቱ ሁሉ በልጣ ታየች። የካቲት 16 የኪዳነ ምሕረት በዓል ሲከበር ይህ ታሪክ ይነሣል። በስሟ ዝክር የዘከረ፣ ቀዝቃዛ ውኃም ያጠጣ ምሕረት ያገኛል የሚለው ቃል ኪዳን የዝክርና የማኅበር መሠረት ሆኗል። ከ1434 እስከ 1468 እ.ኤ.አ. የነገሡት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በዓመት 33 የእመቤታችን በዓላት እንዲከበሩ ማዘዛቸው፣ የቅዱሳን መታሰቢያ በየወሩ መዞሩም፣ ለዚህ ልማድ ቋሚ የቀን መቁጠሪያ ሰጠው። 5 የአቦ፣ 12 የሚካኤል፣ 19 የገብርኤል፣ 21 የማርያም፣ 27 የመድኃኔዓለም ነው ሲባል፣ ገበሬውም ነጋዴውም የሚሰማው ቀን ብቻ አይደለም። በዚያ ቀን ማን ቤት እንደሚኬድም ይሰማዋል።

የማኅበሩ አሠራር ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ አባላቱ በሐዋርያት ቁጥር አሥራ ሁለት ይሆናሉ፤ የሚበልጡም የሚያንሱም አሉ። የወንዶች፣ የሴቶች፣ ወይም የሁለቱም ሊሆን ይችላል። ማኅበሩን የሚመራው «ሙሴ» ይባላል። ጽዋው ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ሲሄድ ተረኛው በእልልታ ይቀበለዋል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ አንድ ወር ሙሉ ቤቱ ባለ አደራ ነው። ሳያስፈቅድ የቀረ ይቀጣል። የታመመ ይጠየቃል። ቤቱ የተቃጠለበት፣ በሬ የሞተበት አባል ካለ ማኅበርተኛው ይደርስለታል።

ከሁሉ የሚከብደው ሥራ ዕርቅ ነው። በብዙ ማኅበራት የተጣሉ ሰዎች ሳይታረቁ ከጽዋው አይቀምሱም። በድንበር የተካሰሱ ሁለት ጎረቤታሞች በአንድ ማኅበር ውስጥ ካሉ፣ ሙሴውና ካህኑ ከጸሎቱ በፊት ያቆሟቸዋል። ቂም ይዞ መብላት በማዕዱ ላይ የሚፈጸም በደል ነውና። እዚህ ላይ ጳውሎስ ለቆሮንቶስ የጻፈው ተግሣጽ በሌላ አገር፣ በሌላ ዘመን፣ በጠላና በዳቦ ዙሪያ መልስ ሲያገኝ ይታያል።

ሰንበቴ የጽዋ ማኅበር ወንድም ነው። ጽዋ ማኅበር በየቤቱ ሲዞር፣ ሰንበቴ ከቤተ ክርስቲያን ቅጽር አይወጣም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ተረኛው እንጀራውን፣ ወጡን፣ ጠላውን ወደ ሰንበቴው ቤት ያመጣል። ነዳያንም የአብነት ተማሪዎችም ከዚያ ይካፈላሉ። ቤቱ በቅጽሩ ውስጥ ነው፣ ከመቅደሱ ግን የተለየ ነው፤ የሎዶቅያ ቀኖና የለያቸውን ሁለቱን ማዕዶች ኢትዮጵያ በአንድ ግቢ ውስጥ ጎን ለጎን አስቀምጣቸዋለች።

በር ላይ የሚቆመው ሰውስ? ማኅበር አባል አለው፤ አባል ያለው ነገር ሁሉ አባል ያልሆነም አለው። የገጠሩ ኑሮ ለዚህ የራሱ መልስ ነበረው። ሲመሽ ደጅ ደርሶ «የመሸበት የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ» ያለ ሰው ስሙና አገሩ ሳይጠየቅ «ቤት የእግዚአብሔር ነው፣ ይግቡ» ይባል ነበር። ውኃ ሞቆ እግሩ ይታጠባል፤ መደብ ይነጠፍለታል። በጸሎተ ሐሙስ ካህናቱ የምእመናንን እግር የሚያጥቡበት ሥርዓት በዓመት አንድ ጊዜ በቤተ ክርስቲያን ይታያል፤ በየቤቱ ግን መንገደኛ በመጣ ቁጥር ይፈጸም ነበር።

ከዚህ ልማድ ትልቁን ጥቅም ያገኘው ትምህርት ነው። የቆሎ ተማሪ ደበሎውን ለብሶ፣ አኩፋዳውን አንግቶ፣ ከአገሩ ርቆ ወደ ዋሸራ ለቅኔ፣ ወደ ቤተልሔም ለድጓ ይሄዳል። ዘመዶቹ እንዲጦሩት አይጠበቅም። «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ከደጅ ደጅ ይዞራል፤ የማያውቁት ሴቶች ከመሶባቸው ቁራሽ ይሰጡታል። ቅኔው፣ ዜማው፣ የመጻሕፍቱ ትርጓሜ ለዘመናት የተላለፈው በዚህ ቁራሽ ነው። ቁራሹን የምትሰጠው ሴት አብዛኛውን ጊዜ ማንበብ አትችልም ነበር። ሊቃውንቱን ያሳደገች ግን እሷ ናት።

የማዕድ ወሰን ጉዳይ ምሁራንንም አነጋግሯል። አንትሮፖሎጂስቱ ቶም ቦይልስተን በጣና ሐይቅ ዳር በዘጌ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ2018 እ.ኤ.አ. ያሳተመው መጽሐፍ ርእሱ ራሱ በግብዣ ላይ ያለውን እንግዳ የሚያነሣ ነው፤ ጾም፣ ክልከላና አብሮ መብላት እንዴት እንደሚገናኙ ይመረምራል። ጉዳዩ እውነትም ከባድ ነው። በዓሉ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ ከዋለ ማዕዱ የጾም ይሆናል። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት አንዱ የሌላውን ሥጋ አይበላም። ሆኖም በወሎም ሆነ በሌሎች አካባቢዎች በሠርግና በለቅሶ ጊዜ ለሙስሊም እንግዶች በራሳቸው እጅ የሚታረድና የሚሠራ ምግብ ለብቻ ይዘጋጃል። ወሰኑ አልጠፋም፤ ጎረቤቱም ከበዓሉ አልቀረም። ይህን ማድረግ ድካም አለው። ሁለት ድስት መጣድ፣ ሁለት ቤት ማዘጋጀት ነው፤ ድካሙን መቀበል ደግሞ የአክብሮቱ መለኪያ ነው።

ዶናልድ ሌቪን በመንዝ ባደረገው ጥናት ላይ ተመሥርቶ በ1965 እ.ኤ.አ. ባወጣው «ሰምና ወርቅ» የአማራ ገበሬ ኑሮ ግለኝነት የሚያመዝንበት መሆኑን ተከራክሯል። ክርክሩ ሊናቅ አይገባም፤ ገበሬው በርስቱና በክብሩ ጠንቃቃ ነው። ነገር ግን የጽዋ ማኅበር ትርጉም የሚታየው ከዚህ ግለኝነት ጎን ሲቆም ነው። በማኅበር ውስጥ ማንም ንብረቱን ከማንም ጋር አይቀላቅልም፤ የጋራ ጎተራ የለም። እያንዳንዱ በራሱ ቤት፣ በራሱ እህል፣ በራሱ ቀን ያስተናግዳል። ክብሩ እንደተጠበቀ ነው። ከወዳጅነቱ ግን ማምለጥ አይችልም፤ ጽዋው ይመጣበታላ። ማኅበሩ የጠንቃቃውን ገበሬ ባሕርይ አልለወጠም፣ በዚያው ባሕርይ ላይ አንድነት ሠራበት እንጂ።

ዛሬ ይህ ተራ በሁለት በኩል ይፈተናል። አንደኛው ወጪ ነው። ዳቦና ጠላ የነበረው ማዕድ በብዙ ከተሞች ወደ ድግስ አድጓል፤ በግ ይታረዳል፣ የወጡ ዓይነት ይበዛል፣ አንዱ ቤት ካደረገው ሌላው ማነስ አይፈልግም። በዚህ መንገድ ተራው ወደ ፉክክር ይለወጣል፤ አቅም የሌለው አባል ጽዋ ላለማንሣት ሲል ከማኅበሩ ይወጣል። በቆሮንቶስ የነበረው መለያየት በጓሮ በር ይመለሳል ማለት ነው። ይህን የተገነዘቡ ማኅበራት የዝግጅቱን ወሰን በደንብ ይቆርጣሉ፦ ዳቦ፣ ጠላ፣ አንድ ዓይነት ወጥ፤ ከዚያ ያለፈ ይከለከላል። ይህ ደንብ ቁጠባ ብቻ ተደርጎ መታየት የለበትም። ድኃውን አባል በማዕዱ ላይ የሚያቆየው እሱ ነው።

ሁለተኛው ቦታ ነው። በኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ጠላ መጥመቅም፣ ሃያ ሰው ማስቀመጥም ይከብዳል። በአሜሪካ ያሉ ማኅበራት ቀኑን ወደ ቅርቡ ቅዳሜ ወይም እሑድ ያዞራሉ፤ ጽዋው በመኪና ከአንዱ ሰፈር ወደ ሌላው ይሄዳል። በባሕረ ሰላጤው አገሮች በሰው ቤት የሚሠሩ እኅቶች የዕረፍት ቀናቸው በተገጣጠመ ጊዜ በአንዲት የኪራይ ክፍል ይሰበሰባሉ። ብዙዎቹ በሚያገለግሉት ቤት ዓመቱን ሙሉ ሠራተኞች ናቸው፤ በዚያች ክፍል ግን ተረኛዋ ባለቤት ናት፣ የቀሩት የእሷ እንግዶች ናቸው። ማኅበሩ እዚያ የሚሰጣቸው ከምግቡ በላይ ይህንን ነው።

ጸሎቱ አልቆ ምርቃቱ ሲደርስ የዕለቱ አስተናጋጅ ጽዋውን ያስረክባል። የሚረከበው ሰው ምናልባት ሁለት ክፍል የኪራይ ቤት ያለው፣ ዘጠኝ ብርጭቆ ያለው ሰው ይሆናል። ቀሪውን ብርጭቆና አግዳሚ ወንበር ከጎረቤት ይዋሳል፤ ጌሾና ብቅሉን ካሁኑ ይገዛል። ጽዋውን ያስረከበው ባለቤት በበኩሉ በሚመጣው ወር በ12 ከዚያ ጠባብ ቤት ገብቶ፣ በተዋሰው ወንበር ላይ ተቀምጦ፣ የሚቀርብለትን ይበላል።