«ማስተካከያ» ሲባል

ማስተካከያ፦ የተዛነፈን ማቃኛ፤ የሰዓት ማስተካከያ፣ የደመወዝ ማስተካከያ እንደሚባለው። በንግዱ ዓለም ግን ቃሉ ሌላ ሸክም ተጭኖበታል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 2026 ጀምሮ በሙሉ ሥራ ላይ ያዋለው ሕግ «የካርቦን ድንበር ማስተካከያ» ይባላል። ብረት፣ አሉሚኒየም፣ ሲሚንቶ፣ ማዳበሪያ፣ ሃይድሮጂንና ኤሌክትሪክ ወደ ኅብረቱ ሲገቡ፣ ሲመረቱ ለወጣው ካርቦን አስመጪው የምስክር ወረቀት መግዛት አለበት።

የተዛነፈው ምኑ ነው? መልሱ እንደ ተጠያቂው ነው። የአውሮፓ ብረት አምራቾች እኛ ለጭሳችን እየከፈልን የውጪው በነጻ ሊገባ አይገባም ይላሉ። በሕንድና በቻይና በኩል ደግሞ ሕጉ ስሙን ያሳመረ የገበያ አጥር ተደርጎ ይታያል።

ወደ እኛ አገር ስንመጣ፣ ኮምቦልቻ ያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 የተመረቀው የኢንዱስትሪ ፓርክ በዋናነት የታሰበው ለጨርቃ ጨርቅና አልባሳት ነው፤ እነዚህ ለጊዜው ከዝርዝሩ ውጪ ናቸው። «ለጊዜው» የምትለዋን ግን ባለፋብሪካ አይንቃትም፤ እ.ኤ.አ. በ2022 መጀመሪያ አሜሪካ ኢትዮጵያን ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የንግድ ዕድል፣ ከአጎዋ፣ ስታስወጣ ከቀረጥ ነጻ ገበያ በአንድ ውሳኔ ሲዘጋ አይቷል።

መብራታችን በአብዛኛው ከውኃ ስለሚመነጭ የካርቦኑ ሒሳብ በሐቅ ከተሠራ ይጠቅመናል። ገዢው የሚፈልገው ግን ማስረጃ ነው፤ የቆጣሪ ንባብ፣ ለጄኔሬተርና ለቦይለር የገባው ነዳጅ በሊትር። በሕጉ መሠረት ማስረጃ ለሌለው ምርት የሚያዘው ጭማሪ ያለበት ግምት ነው። መዝገብ ለሌለው አምራች «ማስተካከያ» ማለት ቅጣት ነው።