በአሸዋ ላይ የተነበበ ቁጥር

እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 4 ቀን 1943 ከሊቢያ ተነሥተው የናፖሊን ወደብ እንዲደበድቡ ከታዘዙት 25 ቢ-24 ቦምብ ጣዮች መካከል አንዷ ሳትመለስ ቀረች። ስሟ «ሌዲ ቢ ጉድ» ሲሆን፣ የ376ኛው የቦምብ ጣይ ቡድን አውሮፕላን ነበረች። ዘጠኙ የበረራ ባልደረቦች አብረው ወደ ውጊያ ሲወጡ የመጀመሪያቸው ነበር። ባሕሩ ተፈለገ፤ የተገኘ ነገር የለም። ሜዲትራኒያን ውስጥ ሰምጠዋል ተብሎ ታመነ፤ ጉዳዩም በዚሁ ተዘጋ።

ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ1958፣ ነዳጅ የሚፈልጉ እንግሊዛውያን በካላንሾ የአሸዋ ባሕር ላይ ሲበሩ የወደቀ አውሮፕላን አዩ። ትሪፖሊ አጠገብ ለነበረው የአሜሪካ አየር ኃይል ሰፈር ለዊለስ ወሬው ቢደርሰውም፣ በዚያ አካባቢ የጠፋ አውሮፕላን በመዝገብ ስላልነበረ ማንም ሊያየው አልሄደም። እኔን ከታሪኩ ሁሉ በላይ የሚያሳዝነኝ ይህ ነው። መዝገቡ የተጻፈው በግምት ነበር፤ ግምቱ ግን ውሎ አድሮ እንደ ማስረጃ ተቆጠረ። በፌብሩዋሪ 1959 የነዳጅ ፈላጊዎቹ ሰዎች በምድር ተጉዘው ደረሱበት፤ የአሜሪካ መርማሪዎች የሄዱት በዚያው ዓመት ግንቦት ወር መጨረሻ ላይ ነው።

ማንነቷን ለመለየት ብዙ አልተቸገሩም። ጭራዋ ላይ 124301 የሚል ቁጥር በግልጽ ይነበብ ነበር። በዚያ ዘመን የአሜሪካ ጦር አውሮፕላን መለያ የሚጀምረው ግዥው በተመደበበት የበጀት ዓመት ነው፤ ጭራ ላይ ሲጻፍ ግን የዓመቱ የመጀመሪያ አኃዝ ይቀራል። ስለዚህ 124301 ማለት በመዝገብ 41-24301 ማለት ነው። በአፍንጫዋ ላይ ደግሞ 64 ቁጥርና ስሟ ተጽፈው ነበር። ሦስቱም ከጠፋችው አውሮፕላን ፋይል ጋር ገጠሙ። ፋይሉ ባሕር ውስጥ ናት ያላት አውሮፕላን፣ ከተነሣችበት ከሶሉክ ወደ ደቡብ ምስራቅ 710 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በረሃ ላይ ተገኘች።

ቁጥሩ ማን እንደሆነች ይናገራል እንጂ ምን እንደደረሰባት አይናገርም። ለዚያ ክፍሎቿን አንድ በአንድ ማየት ያስፈልግ ነበር። አውሮፕላኗ በሆዷ አርፋ ከክንፎቿ በስተኋላ ለሁለት ተሰብራለች፤ ያም ሆኖ መትረየሶቿና ሬዲዮዋ ይሠሩ ነበር፤ በፔርሙዝ የቀረው መጠጥም አልተበላሸም። አስከሬን አልነበረም። ፓራሹትም አልነበረም። ከሁሉ የበለጠ የሚናገሩት ግን ፕሮፔለሮቹ ናቸው። አንድ ሞተር ሲቆም አብራሪው የፕሮፔለሩን ክንፎች አዙሮ ጠርዛቸውን ወደ ነፋሱ ያደርጋል፤ አለዚያ ነፋሱን እየገፉ አውሮፕላኑን ይይዙታል። ሦስቱ ፕሮፔለሮች እንዲህ ተዘጋጅተው ነበር፤ አራተኛው ግን መሬት ሲነካ ገና እየዞረ እንደነበር ጉዳቱ አሳየ። ከዚህ የወጣው ንባብ እንዲህ ነው፦ ነዳጅ እያለቀ ሞተሮቹ ተራ በተራ ቆሙ፣ ሰዎቹ በፓራሹት ወረዱ፣ ባዶዋ አውሮፕላን በአንድ ሞተር 26 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዛ አሸዋው ላይ ተንሸራታ ቆመች።

ለምን እዚያ ድረስ ሄዱ? አብራሪው ዊልያም ሃተን ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ላይ፣ አቅጣጫ እንዲነገረው በሬዲዮ ጠይቆ ነበር። የቤኒና ጣቢያ የሰጠው መልስ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከባሕሩ በኩል እየመጣ መሆኑን የሚያመለክት ነበር። የዚያ ዘመን አቅጣጫ ጠቋሚ አንቴና ግን መስመሩን እንጂ ከመስመሩ የትኛው ጫፍ እንደሆነ አይለይም። አብዛኞቹ አጥኚዎች የሚቀበሉት ማብራሪያ እንደሚለው፣ አውሮፕላኗ በዚያ ሰዓት ሰፈሯን አልፋ ደቡብ ምስራቅ ነበረች። የክፍሎቿ ሁኔታም ከዚህ ጋር ይስማማል፤ በጥይት ተመትታ ሳይሆን ነዳጅ እስኪያልቅ በርራ ነው የወደቀችው።

ከአውሮፕላኗ በስተሰሜን ሲፈለግ በድንጋይ ተይዘው ቀስት የሚመስሉ የፓራሹት ቅዳጆች ተገኙ። በፌብሩዋሪ 1960 የአምስቱ አስከሬን ተገኘ። ረዳት አብራሪው ሮበርት ቶነር ማስታወሻ ይይዝ ስለነበር፣ በአንድ ኮዳ ጥቂት ውሃ ስምንት ሰዎች ለስንት ቀን እንደተጓዙ ታወቀ። አምስቱ ከ120 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ነበር፤ ሌሎች ሁለት ከዚያም አልፈው ሄደው ነበርና አስከሬናቸው በግንቦት ተገኘ። ፓራሹቱ በደንብ ያልተከፈተለት የቦምብ ጣይነት ሥራ የነበረው ባልደረባቸው በነሐሴ ተገኘ። የአንዱ፣ የቨርነን ሙር አስከሬን ግን ተለይቶ አልታወቀም።

ከዚያ በኋላ ፍርስራሹን የጎበኘ ሁሉ አንዳንድ ነገር እያነሣ ሄደ፤ በ1968 አንድ ሞተር ለምርመራ ተወሰደ፤ በ1994 የቀረው ሁሉ ተጭኖ ወደ ቶብሩክ ተጓጓዘ። ከቅርስ ሰብሳቢዎች እጅ ለማዳን ሌላ መንገድ ስላልነበረ ውሳኔውን አልነቅፍም። ነገር ግን ክፍል ከወደቀበት ቦታ ሲነሣ ከምስክርነቱ እኩሌታው ይጠፋል። ዛሬ የዚያችን ሌሊት በረራ ለሚመረምር ሰው ከብረቱ ይልቅ የሚታመነው በ1959 ከመነካቱ በፊት የተነሣው ፎቶግራፍና የተጻፈው ሪፖርት ነው።